ጋሸና ላይ ከሚኒባሱ ያወረድኩሽ ቀን

ፈንታዬ፣ የልጄ እናት፣

ከተለየሽኝ አንድ ዓመት ከሦስት ወር ሆነ። እስከ ዛሬ አንድ መስመር እንኳ ያልጻፍኩልሽ የምነግርሽ ስላጣሁ አይደለም። የምነግርሽ አንድ ከባድ ነገር ስለነበረኝ፣ እሱን ደብቄ ሌላ ሌላውን ማውራት ስላሳፈረኝ ነው። ትናንት ፍላቂት ሄጄ ለወንድምሽ ለአያ ካሴ ተናገርኩት። አሁን ደግሞ ለአንቺ።

አስቀድሜ ግን የቤቱን ልንገርሽ፤ ካልነገርኩሽ ልብሽ አያርፍም። ልጃችን ማህሌት ወልድያ ትምህርቷን እየተማረች ነው፤ ጠንክራለች። የሚያፈሰውን ጣሪያ አስጠግኜዋለሁ። የጓሮው ጎመን ግን በእኔ እጅ አልሆነለትም፣ ደረቀ። ቀሚሶችሽን ማህሌት ለነዳያን ሰጠቻቸው፤ ሰማያዊ ሹራብሽን እሷ ሳታይ ከመሀል አውጥቼ አስቀረሁት። ወደ ላሊበላ እንግዳ እንደ ድሮው ባይጎርፍም ለገና ብቅ ብቅ ብሎ ነበር፣ እኔም እያመላለስኩ ትንሽ ሠርቻለሁ። መኪናዋንም አልሸጥኳትም። ብዙ ጊዜ ልሸጣት ተነስቼ ነበር፤ እሷን ብሸጥ ያደረግኩት የሚሸጥልኝ መስሎኝ።

ስገዛት ምን እንዳልሽ ታስታውሻለሽ? ለቤንዚን ሰልፍ ሦስት ቀን ወልድያ አድሬ የተመለስኩ ጊዜ ነው አሮጌዋን ሚኒባስ ሸጬ የኤሌክትሪክ መኪና እገዛለሁ ብዬ የተነሳሁት። አንቺ ሽንኩርት እየከተፍሽ ቀና እንኳ ሳትዪ «መብራቱ ቀድሞ በሚሄድበት አገር በመብራት የሚሄድ መኪና ትገዛለህ?» አልሽኝ። ሳቅን። ገዛኋት። ገመዱን በሳሎኑ መስኮት አውጥተን ከግድግዳው ሶኬት ስንሰካት የሰፈሩ ሰው ሁሉ መጥቶ ያይ ነበር። ድምፅ የላትም፣ ጭስ የላትም፣ ቁልቁለት ስትወርድ ባትሪዋ መልሶ ይሞላል እያልኩ ለማያውቀውም ለሚያውቀውም አወራሁ። ጎረቤት ሲያደንቃት እኔ የተደነቅሁ ይመስለኝ ነበር። ያ ነው ያጠፋኝ።

አያ ካሴ ከፍላቂት የደወሉልሽ ምሽት «እምዬ ደክማለች፣ ነገ ድረሱ» አሉሽ። አንቺም «መኪናዋን አሁኑኑ ሰካት፣ ነገ በጠዋት እንነሳለን» አልሽኝ። እሺ አልኩሽ። ከዚያ ጓደኞቼ መጡና መኪናዋን ላሳያቸው ይዣቸው ወጣሁ፤ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ ወረድን፣ ዳገቱን በፍጥነት ወጣን፣ ተመለስን። ስገባ ደክሞኝ ስለነበር ገመዱን መዘርጋት ሰነፍኩ። ትንሽ ጋደም ብዬ እሰካታለሁ አልኩ። እንቅልፍ ወሰደኝ።

ጠዋት «ሞላ?» ስትዪኝ «አንቺ ከተኛሽ በኋላ መብራት ጠፋ፣ ግን ያደርሰናል» አልኩሽ።

መብራት አልጠፋም ነበር፣ ፈንታዬ። ሌሊቱን ሙሉ ነበረ።

ይህን ስጽፍ አንድ ነገር ገባኝ። ማታ ስልክሽ ሞቶ ግድግዳው ላይ ሰክተሽው ነበር የተኛሽው። ጠዋት ስትነቅይው ሙሉ ነበር። ስለዚህ ታውቂ ነበር። ገና ከደጃችን ሳንወጣ መዋሸቴን አውቀሽ፣ ነጠላሽን አጣፍተሽ አጠገቤ ተቀመጥሽ።

ጋሸና ሳንደርስ ስልኩ መጣ። እናትሽ ጎህ ሲቀድ አርፈዋል። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ እንጠብቃችኋለን አሉ አያ ካሴ። አንቺ እንባሽን በነጠላሽ ጫፍ ጠርገሽ «ንዳ» ብቻ አልሽኝ። ዳገቱ ባትሪውን በልቶት ነበር። ጋሸና ስንገባ አሥራ አንድ ፐርሰንት ቀርቶናል፤ ከዚያ ወዲያ እስከ ፍላቂት ደግሞ ብርዳም ሜዳ ነው፣ መልሶ የሚሞላ ቁልቁለት የለውም። ምግብ ቤት ያላት ዘይነባ አዘነችልንና ገመዳችንን በመስኮቷ አስገባች። መብራቱ ደካማ ነበር። አንድ ሰዓት ቆመን ሦስት ፐርሰንት ጨመረ።

ወደ ፍላቂት የሚሄድ ሚኒባስ ከፊት ለፊታችን ሲጭን ነበር። ረዳቱ አንድ ሰው ቀረኝ ይላል። አንቺ «እኔ በዚህ ልቅደም፣ አንተ ሞልተህ ድረስ» አልሽ። ከዚህ የተሻለ ሐሳብ ማን ያመጣ ነበር? ዘይነባም «አሳፍራት፣ ለእናቷ ነው እኮ» አለችኝ። ዕቃሽን አቀብለሽ፣ አንድ እግርሽን ደረጃው ላይ አድርገሽ ነበር። እኔ ክንድሽን ያዝኩሽ። «መኪና እያለው ሚስቱን በሰው መኪና ለለቅሶ ላከ ልባል? ውረጂ፣ አብረን እንደርሳለን» አልኩሽ። ሰው እያየን ነበር። አንቺ ባልሽን በሰው ፊት አታሳፍሪም። ወረድሽ። ዕቃሽን በመስኮት መለሱልሽ፣ ሚኒባሱ ሄደ።

 ዘይነባ አንቺን በርጩማ ላይ አስቀምጣ «አብሽሪ እህቴ፣ አብሽሪ» እያለች ጀርባሽን ስታሻሽ አይቻለሁ።

ሰባት ሰዓት ላይ ተነሳን። ስምንት ሰዓት ሳይሞላ መኪናዋ ሜዳው መሀል ቆመች። ድምፅ የላትም እያልኩ የኮራሁባት መኪና ስትቆምም ድምፅ አልነበራትም። እኔ መሪውን ጨብጬ ቀረሁ። አንቺ አልተቆጣሽም፣ አልተሳደብሽም። በሩን ከፍተሽ ወርደሽ በእግርሽ ወደ ፍላቂት መንገድ ጀመርሽ። በዚያ ንፋስ ነጠላሽ ወደ ኋላ እየተገለበጠ ስትሄጂ አየሁሽ። እህል የጫነ መኪና ተገኝቶ እኔንም አንቺንም ከመንገድ ሲያነሳን አሥር ሰዓት አልፎ ነበር።

ስንደርስ ሰው ከቤተ ክርስቲያን እየተመለሰ ነው። አያ ካሴ ካህናቱን ለምነው አንድ ሰዓት ሙሉ አስጠብቀው ነበር። አፈሩ ገና እርጥብ ነበር። «መኪና የገዛ ሰው እንዲህ ነው የሚደርሰው? እምዬ ስምሽን እየጠራች ሄደች» አሉሽ በአገሩ ሰው ፊት። አንቺም «አርፍጄ ነው የተነሳሁት፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አልሽ። እኔ አጠገብሽ ቆሜ ነበር። መሬት መሬት አየሁ።

ከዚያ ቀን በኋላ ወንድምሽ አላናገሩሽም። ለእናትሽ አርባ ስትሄጂ ፊታቸውን አዞሩብሽ። ልንገራቸው ስልሽ፣ አዎ፣ አንድ ጊዜ ብያለሁ፣ ግን ስናገር በልቤ እንድትከለክዪኝ እየለመንኩ ነበር፣ አንቺም ገብቶሽ ከለከልሽኝ። «ወንድም ተቆጥቶ ይመለሳል። አማቹን ከናቀ ግን አይመለስም። ተወው፣ በእኔ ይሁን» አልሽ። እኔም ተውኩት። እንዴት ቀለለኝ መሰለሽ።

ከዚያ ታመምሽ። ከደሴ ሆስፒታል ወደ ቤት ሂዱ ብለው ከመለሱን በኋላ አንድ ነገር ብቻ ነበር የምትጠይቂኝ። የግቢው በር በተንኳኳ ቁጥር «ካሴ ነው?» ትያለሽ። አንድ ቀን ደወልኩላቸው። ታማለች፣ ትጠራዎታለች አልኳቸው። «እምዬም ስትጠራት ነበር» አሉ። ስልኩ አልተዘጋም ነበር፣ ፈንታዬ። ትንፋሻቸው ይሰማኝ ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ብናገር፣ «እኔ ነኝ ያስቀረኋት» ብል፣ በማግስቱ ከአልጋሽ ጎን ነበሩ። አልተናገርኩም። ዘጉት። አንቺ «ምን አለ?» ስትዪኝ «ሥራ በዝቶበታል፣ ይመጣል» አልኩሽ። የመጡት ለቀብርሽ ነው።

የመጀመሪያው ውሸት ከስንፍና መጣ። ይህኛው ግን ከስንፍና አልነበረም፤ ፈራሁ። እየሞትሽ እንኳ ከአንቺ ይልቅ የራሴን ክብር ጠበቅሁ።

አሁን ወደ ትናንቱ ልምጣ። ጋሸና ላይ ለኤሌክትሪክ መኪና ፈጣን የቻርጅ ጣቢያ ተከፍቷል። ከወልድያ ጀምሮ እስከ ደብረ ታቦር በየመሀሉ ሌላም ይተከላል እያሉ ሾፌሮቹ ያወራሉ። እስከ ትናንት ሳልሄድ ቆይቼ ነበር። ገመዱ እንደ ክንድ የወፈረ ነው። የጣቢያው ሠራተኛ ሰካልኝና «ሻይ ጠጣ፣ ይደርሳል» አለኝ። ዘይነባ ጋ ገብቼ ሽሮ አዘዝኩ። ሽሮዬን ሳልጨርስ ሠራተኛው መጥቶ ሞልቷል አለኝ። ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። እጄ ላይ የነበረውን ጉርሻ ወደ አፌ ማድረስ አቃተኝ።

ዘይነባ ትክ ብላ አየችኝ። «አንተ ያን ጊዜ ሚስትህን ይዘህ የመጣኸው አይደለህም? እሷስ ደህና ናት?» አለች። አርፋለች አልኳት። እጇን አፏ ላይ ጫነች። ቆይታ «ወንድሟ ታረቃት?» አለችኝ። ያን ቀን በርጩማው ላይ ሆነሽ «ወንድሜ ይቀየመኛል» ብለሽ ነግረሻት ኖሯል። አልታረቃትም አልኳት። ዘይነባ ሳህኑን አነሳችና «እህ፣ ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ?» አለችኝ። ወጣሁ። መኪናዋን ወደ ላሊበላ ሳይሆን ወደ ፍላቂት አዞርኳት።

አያ ካሴ የገብስ ማሳቸውን ካብ ሲጠግኑ አገኘኋቸው። ቁጭ በል ቢሉኝም ቆሜ ነገርኳቸው። መብራቱን፣ ሚኒባሱን፣ ክንድሽን መያዜን፣ በእግርሽ መሄድሽን፣ በስልክ ዝም ያልኩትን። ምንም አላስቀረሁም። ይደበድቡኛል ብዬ ነበር፤ እውነቱን ልንገርሽ፣ እንዲደበድቡኝ ፈልጌ ነበር። እሳቸው ግን ካቡ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። የእጃቸውን አፈር አራግፈው «በሕይወት እያለች ነግረኸኝ ቢሆን አንተን እመታህ ነበር፣ እሷን አቅፋት ነበር። አሁን ማንን ልቀፍ?» አሉኝ።

 የራሴን ሸክም ላወርድ ሄጄ በእሳቸው ትከሻ ላይ ጫንኩት። አንቺ ያላጠፋሽውን ጥፋት ይዘው ሦስት ዓመት ሊሞላቸው ነው፤ ይህን ከእንግዲህ ማን ያነሳላቸዋል? መናገር ጽድቅ ነው ይባላል። ትናንት እንደዚያ አልተሰማኝም።

ከዚያ ተነሱና ጋቢያቸውን ለበሱ። «መቃብሯ ድረስ ውሰደኝ» አሉ።

መንገድ ላይ መኪናዋ የቆመችበትን ቦታ ጠየቁኝ። አሳየኋቸው። አስቁመውኝ ወረዱ። ምን ያህል በእግሯ ሄደች አሉኝ። እስከዚያ ድንጋይ ድረስ አልኳቸው። ከዚያው ተነስተው እስከ ድንጋዩ የሄድሽውን መንገድ ሁሉ በእግራቸው ሄዱት፤ እኔ በመኪናዋ ከኋላ ቀስ እያልኩ ተከተልኳቸው። ያለፉ መኪኖች ጥሩንባ ነፉብን። ዞር ብለው አላዩም።

መቃብርሽ ላይ ተደፍተው «እህቴ፣ ይቅር በይኝ» ሲሉ ሰምተሻል ብዬ አምናለሁ። እኔ ራቅ ብዬ ነበርኩ፣ አጠገባቸው መቆም አልተገባኝም። ሲነሱ ቤት እንግባ አልኳቸው። «ቤትህ አልገባም። እሷ ይቅር ብላህ ይሆናል፤ እኔ ገና ነኝ። ለእምዬ ዝክር ግን መጥተህ ያን ቀን ለቆመው ሰው ሁሉ ትናገራለህ» አሉኝ። እሺ አልኩ። ዘመድ ቤት አድረው ዛሬ ጠዋት በሚኒባስ ተመለሱ። መናኸሪያ ልሸኛቸው ሄጄ ነበር፤ እጃቸውን አልሰጡኝም፣ እኔም አልዘረጋሁም።

ፈንታዬ፣ ይቅር በይኝ ብዬ አላስጨንቅሽም። አንቺ ይቅር ማለት ልማድሽ ነው፤ በዚያ ልማድሽ ነው ተደብቄ የኖርኩት። አልረሳሽም ማለትም ቀላል ነው፣ ሚስቱን የቀበረ ሁሉ ይለዋል። እኔ የምገባልሽ ቃል ሌላ ነው። ፍላቂት ላይ በሕዝቡ መሀል ቆሜ እናገራለሁ። ማህሌትን አስቀምጬ ከራሴ አፍ እነግራታለሁ፣ አባቷን ብትጠላውም። ደግነትሽን ባነሳሁ ቁጥር ያ ደግነት የሸፈነልኝን አብሬ አነሳለሁ።

አንቺ አልዘገየሽም ነበር። እስክሞት ድረስ ይህን እናገራለሁ፤ አንቺ አልዘገየሽም።

ባልሽ ደሳለኝ
ላሊበላ