የእማዬ እግር ልክ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

የግራው ካልሲ ዛሬ ከሥራ መልስ አለቀ። በእጄ የሠራሁት የመጀመሪያው ነው። እማዬ እግሯ ካበጠ ጀምሮ የሱቅ ካልሲ አይገባላትም፤ የንፋስ መውጫ ከተማ ብርድ ደግሞ በባዶ እግር አይቻልም። ለሕክምና ከወገዳ ካመጣኋት ወዲህ እግሯን በጋቢ ጠቅልላ ነው የምትውለው። ለዚህ ነው ክር የሚሸጡትን ጎረቤቴን እትዬ ዘይነባን ሹራብ አሠራር አስተምሩኝ ያልኳቸው።

ልኩን የወሰድኩት በግምት ነበር። እግሯን ለእኔ እንኳ አሳይታኝ አታውቅም፤ ስትታጠብ በሩን ትዘጋለች። ካልሲውን ሰጥቻት ውኃ ልቀዳ ወጣሁ። ስመለስ አጣጥፋ አጠገቧ አስቀምጣዋለች።

«አልገባም?» አልኳት።

«ጣቶቼን አለፈ። ቁርጭምጭሚቴ ላይ ሲደርስ እንቢ አለ።»

ተቀምጬ መፍታት ጀመርኩ። የአሥር ቀን ሥራ ነው፤ ሲፈታ ግን ጊዜም አልፈጀ። እማዬ ክሩን እየተቀበለች ጠቀለለችው። ሲያልቅ ጋቢውን ገለጠች። እግሯን አንስታ ጉልበቴ ላይ አሳረፈችው።

«በደንብ ለኪው» አለች፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ መልሳ።

በክር ለካሁ፤ መጀመሪያ ቁርጭምጭሚቱን፣ ቀጥሎ ተረከዙን። ቆዳው ሻካራ ነው፣ ግን ይሞቃል። የቀኙንም ለካሁ። ልዩነታቸው አራት ጣት ያህል ነው፤ ስለዚህ ካልሲዎቹ እኩል አይሆኑም።

ለክቼ ስጨርስ እግሯን ወዲያው አልሰበሰበችም።