ያልተንሳፈፈው ባሌ

እሑድ

ሸሚዙ፣ ሱሪው፣ ካልሲው፣ ሁሉም ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ተጣጥፎ ተገኘ። ዕድሜውን ሙሉ አንድ ልብስ አጥፎ የማያውቀው ታደለ፣ ለሞቱ ሲሆን ሥርዓት ያዘ። ትናንት ከምሳ በኋላ «ልዋኝ» ብሎ ወጣ። በሐምሌ! ጉድጓዱ እዚሁ ለቡ ከቤታችን ጀርባ ነው፤ ለፎቅ መሠረት ተቆፍሮ የቀረ፣ ክረምቱ ሐይቅ ያደረገው። ጠላቂዎች መጥተው ጭቃውን ዳብሰው አጡት። እኔም ወግ ደርሶኝ ጮኽኩ።

ሰኞ

ዕድሩ ተከራከረ። ሬሳ ሳይገኝ ጥሩምባ ይነፋል ወይስ አይነፋም? ሊቀመንበሩ አቶ ሽፈራው ፈረዱ፦ ድንኳኑ ይተከል፣ ጥሩምባው ግን ሬሳው እስኪወጣ ይቆይ። ስለዚህ ባሌ በይፋ ግማሽ ሞቷል።

አማቴ እማማ አየለች ነጠላቸውን አላዘቀዘቁም። ሬሳውን ሳላይ ልጄን አላለቅስም ብለዋል። የእናት አንጀት ነው። ንፍሮውን ግን ጥሩ አድርገው ይበላሉ።

ዛሬ ደግሞ የግንባታው ቦታ ጥበቃ ውሻ፣ ቡቺ፣ እዚያው ጉድጓድ ገብቶ ቀረ። ጥበቃው አለቀሰለት። ከአማቴ የበለጠ።

ረቡዕ

ድንኳን ውስጥ ሁሉም ሊቅ ነው። አንዱ ውሃው ጋኔን አለበት ይላል፤ ሌላው ወንድ የሚወጣው በደረቱ ተኝቶ ነው ይላል። ጎረቤቴ እትዬ ብርቄ፣ ባዮሎጂ የምታስተምሪው አንቺ አይደለሽ፣ መቼ ነው የሚወጣው አሉኝ። አስተማሪ ተጠይቆ ዝም አይልም። እያለቀስኩ አስረዳሁ።

ሳንባ አየር እያለው ሰው ይንሳፈፋል። ውሃ ሲገባበት ገላው ከውሃው ትንሽ ይከብድና ይሰምጣል። ሆድ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ግን የቤቱ ጌታ መሞቱን አልሰሙም፤ ሥራቸውን ይቀጥላሉ፣ ጋዝ ያመርታሉ። ሆዱ ይነፋል። ክብደቱ ያው ሆኖ ገላው ስለሚሰፋ ከውሃው ይቀልና ብቅ ይላል። ሙቅ ውሃ ቶሎ ይመልሳል፤ ቀዝቃዛ ውሃ ያቆያል። የሐምሌ ውሃ ነውና ታገሱት አልኳቸው።

ታገሱት። ጥሩ ጠበቃ ሆንኩለት፤ ቀጠሮ አስረዘምኩለት።

ዓርብ

ጠዋት ጥበቃው «ተንሳፈፈ» እያለ ሮጦ መጣ። ሰፈሩ ሁሉ ወደ ጉድጓዱ ጎረፈ። እኔን ሁለት ሴቶች ደግፈውኛል።

ቡቺ ነው። ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጥሯል።

ከባሌ በኋላ ገብቶ ቀድሞት ወጣ። ውሃው ያው ውሃ፣ ቅዝቃዜው ያው ቅዝቃዜ። ቡቺ የሚያውቀው ፍርፋሪ ነው፤ ታደለ ግን ክትፎ በልቶ ነው የወጣው። ለባክቴሪያ ሠርግ ነበር። ከውሻ ኋላ የሚቀርበት ምክንያት እኔ በተማርኩት ሳይንስ ውስጥ የለም።

ያኔ ትዝ አለኝ። ባለፈው ወር እራት ላይ፣ ውሃ የወሰደው ሰው መቼ ነው የሚንሳፈፈው ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ከተጋባን ጀምሮ ስለ ትምህርቴ ሲጠይቀኝ የመጀመሪያው ነው። ደስ ብሎኝ የቀዝቃዛውን ውሃ ነገር ሳይቀር አስረዳሁት፤ ሥዕል ሁሉ ሣልኩለት። እንደሱ በጥሞና የተከታተለኝ ተማሪ ኖሮኝ አያውቅም።

ቅዳሜ

አማቴን ጓዳ ውስጥ ብቻቸውን አገኘኋቸው።

«እማማ፣ የት ነው?»

አልካዱም። አዳማ ነው። ሌላ ሴት አለችው፤ ወልዳለታለች። በደወለላቸው ጊዜ ልብሱን እንኳ በደንብ እንዳጠፈ ነግሯቸዋል።

«ልጄ፣ ፈት ከምትባዪ ባል የሞተባት ብትባዪ አይሻልሽም? ለክብርሽ አስበን ነው» አሉኝ።

እንግዲህ ሞቱ ስጦታዬ ነበር። ተማክረው፣ ለእኔ አዝነው፣ ገደሉልኝ።

ጥቁሬን አውልቄ ወደ ድንኳኑ ወጣሁ። ታደለ አልሞተም፣ ትቶኝ ሄዶ ነው፤ አዳማ ነው፣ ደህና ነው፣ ደረቅ ነው አልኳቸው። አቶ ሽፈራው፣ በሉ ሸራው ይፈታ ብለው ሊነሱ ሲሉ እትዬ ብርቄ ኮታቸውን ጎትተው አስቀመጧቸው። ከዚያ ፍራሹ ላይ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ።

«ነይ ቁጭ በይ። እስካሁን ለሱ ነበር፤ ዛሬ ላንቺ ነው የመጣነው።»

ሳቄ መጣ። መሃል ላይ ግን ሳቁ ተበላሸብኝ። አጠገቤ ያሉት ሴቶች ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ፤ አማቴ ከጓዳ አልወጡም።

ድንኳኑ እስከ ነገ ይቆያል።