የእናት ዳክዬ ገጽ

ጥቅምት 3

ለጋዜጣው ግምገማ ሦስት መጻሕፍት መጡ። ሁለት የፍቅር ልብ ወለድ፣ አንድ የልጆች ባለሥዕል። አዘጋጁ ጠረጴዛዬ ላይ ጥሎልኝ አለፈ። ቢሮ ውስጥ «መቀስ» ነው የምንለው፤ ሳይቆርጥ ያሳለፈው ጽሑፍ የለም። ሁለቱን አፋቅራቸው፣ አንዱን አስተኛልኝ አለ። ቀልዱ አምናም ይኸው ነበር።

ቤት ወስጄ እንደተለመደው አከፋፈልኩ። የፍቅሩ ለእህቴ፣ ባለሥዕሉ ለልጇ። የኔ ሥራ ከሥር ስሜን መጻፍ... እህቴ አልጋ ከያዘች ወዲህ ሌላ ደስታ የላትም። ሁልጊዜ የመጨረሻውን ገጽ ነው ቀድማ የምታነበው። ካልተጋቡ ወደ መጀመሪያው አትመለስም። ለማልቀስማ መጽሐፍ ምን ያደርግልኛል ትላለች።

ልጅቷን «ኮሚቴዋ» እንላታለን። ስድስት ዓመቷ ነው። የወደደችውን «ድገመው» ትላለች። ያልወደደችው ከሆነ «ውሃ ጠማኝ» ብላ ትነሳለች፣ በዚያው ትቀራለች። ስንቱ ደራሲ በውሃ ጥም ወድቋል። የዛሬው ዝናብ ስለሚፈራ አውቶቡስ ነው። አስደገመችኝ፣ አስደገመችኝ... ውሃስ የጠማው እኔን።

ጥቅምት 6

እህቴን ለምርመራ ይዘናት ሄድን። ሐኪሙ እኔንና እማዬን ኮሪደር ላይ አቆመን። በሽታው ጉበቷ ደርሷል። ከእንግዲህ ሕመሙን ማስታገስ ብቻ ነው፣ ቤታችሁ አስታምሟት አለ። እማዬ «እሺ» አለች፣ የዕቃ ዋጋ የነገሯት ይመስል። ስታለቅስ ያየኋት ደረጃውን ስንወርድ ነው።

እህቴ ታውቃለች። ልጅቷስ? ማን ይነግራታል? እማዬ እንደሆነች፣ ልጅ ናት፣ ምን ታውቃለች፣ ተዋት ባይ ናት። ተገላገልኩ። አልዋሽም፣ ደስ አለኝ።

ጥቅምት 7

እህቴ አንዱን ልብ ወለድ ጨረሰች። ጀግናዋ ታማ ሆስፒታል ገብታለች። በገረጣች ቁጥር ውበቷ ይጨምራል። እጮኛዋ አበባ ይዞ ይመጣል፣ እሷ ፈገግ ትላለች። እህቴ ሳቀች፣ ሳቋ ወደ ትውከት ተለወጠ። ሳፋውን ያዝኩላት። አፏን ስጠርግላት፣ ይሄ ሰውዬ የታመመ ሰው አይቶ አያውቅም፣ ብለህ ጻፍልኝ አለች። እንዳለችው ጻፍኩ። መቀስ ቆረጣት።

ጥቅምት 10

አዲስ ባለሥዕል መጣ፣ ስለ ዳክዬዎች። ለኮሚቴዋ ሳላቀርብ ብቻዬን አየሁት። እንኳንም አየሁት። እናት ዳክዬ ትታመማለች። ቀጥሎ ነጭ ገጽ፣ ምንም ያልተሳለበት። ከሥር አንድ መስመር፦ «እናት ዳክዬ ሞተች።» በቃ። ምን ዓይነት ሰው ነው ለልጅ እንዲህ የሚጽፍ?

በአንድ ትንፋሽ ጻፍኩበት። ሠዓሊው እዚህ ገጽ ላይ ሲደርስ ቀለም አለቀበት ወይ ብዬ። «ሞተች» ለሕፃን ጆሮ ድንጋይ ነው ብዬ። «አረፈች» የሚል ለስላሳ ቃል እያለን ምን ቅብጥ አድርጎት ነው ብዬ። በዳክዬ ይሄን ያህል መናደድ?... መጽሐፉን ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ወረወርኩት።

ጥቅምት 14

ግምገማው ወጣ። መቀስ አንድ ቃል አልነካም። ስለ ቀለሙ ያልኩት ቢሮውን ሲያስቅ ዋለ።

እህቴ አንብብልኝ አለች፤ ዓይኗ ደክሟል። አነበብኩላት። ትስቃለች ብዬ ጠብቄ ነበር። አልሳቀችም።

«ስለ እኔም ልጄን እንዲህ ብለህ ነው የምትነግራት?»

«ምን ብዬ?»

«አረፈች ብለህ። እኔ ሥራ ውዬ ስገባ፣ እናትሽ ትረፍ፣ አትረብሺያት እያላችሁ አይደል ያሳደጋችኋት? አርፌ ስነሳ ደግሞ መጀመሪያ የምጠራው እሷን ነው። ቁጭ ብላ ትጠብቀኛለች።»

ወሬ ላስቀይስ ሞከርኩ። እጄን ያዘች። እጇ እንዴት ቀሏል...

«ልጄን እንዳትሸነግልብኝ። ሞተች በላት። አንተ ንገራት፣ እማዬ አትችልም።»

እሺ አልኩ። እሺ ማለት ምን ይከብዳል።

ጥቅምት 21

ዛሬ ጠዋት። እማዬ እጇን ይዛት ነበር። ሌላ መጻፍ አልቻልኩም።

ጥቅምት 22

ከቀብር መልስ ልጅቷን ካስቀመጥንበት ጎረቤት ላመጣት ሄድኩ። ደረጃው ላይ አረፍ አልን። መንገዱን ሁሉ ቃሉን ስለማመደው ነበር የመጣሁት። «እናትሽ...» አልኩ። ቀና ብላ አየችኝ።

«እናትሽ አረፈች።»

ፊቷ ፈካ። «እንኳን አረፈች፣ በጣም ደክሟት ነበር» አለች።

ከአፍ የወጣ አፋፍ። የጫማዋን ክር አሰርኩላትና ተነሳን። አፈሯ ሳይደርቅ እህቴን ከዳኋት።

ጥቅምት 25

ቤቱ ሰው በሰው ሆኗል። ኮሚቴዋ በእግር ጣቷ ጫፍ ነው የምትሄደው። የሚያለቅስ ሲገባ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ፣ ቀስ በሉ፣ እማ አርፋለች ትላለች። ሰዉ የገባት እየመሰለው ይብስበታል። የእማዬ ጓደኛ አቅፋ ሳመቻትና፣ ይቺስ ትልቅ ሰው ናት አለች።

የእናቷ ክፍል ተዘግቷል። ነጠላ ጫማዋን በሩ ሥር አስቀምጣላታለች፣ ስትወጣ እግሯን ዘው እንድታደርግበት ጫፉን ወደ ሳሎን አዙራ። እማዬ ታነሳዋለች፣ እሷ ትመልሰዋለች። ዛሬ ጭራሽ መጥታ ጠየቀችኝ።

«ጋሼ፣ አርፋ ስትጨርስ ትጠራኛለች?»

መጣሁ ብዬ ሽንት ቤት ገባሁ። ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ። ስወጣ እዚያው በሩ ላይ ቆማ ነበር... መልስ እየጠበቀች። አልፌያት ወደ እንግዶቹ ሄድኩ።

ጥቅምት 27

ወንበር ላይ ወጥቼ ዳክዬዎቹን አወረድኩ። እማዬ አየችኝ። አንተ ልጅ፣ ተው አለች። እየጠበቀቻት ነው እኮ እማዬ አልኳት። ኩሽና ገባች፤ በሩን ግን አልዘጋችውም።

ኮሚቴዋ አጠገቤ ተቀመጠች። ነጩ ገጽ ላይ ደረስን። «እናት ዳክዬ ሞተች» ብዬ አነበብኩ። ድምፄ የኔ አልመሰለኝም። ገጹን በመዳፏ ዳበሰችው።

«ለምን አልተሳለችም?»

«ስለሌለች።»

«አርፋ?»

«አይደለም። ያረፈ ሰው ይነሳል። የሞተ አይነሳም። የኔ ልጅ፣ እናትሽ ሞታለች። ያን ቀን አረፈች ያልኩሽ፣ ሞተች ማለት ፈርቼ ነው።»

ኩሽና ውስጥ የዕቃው ድምፅ ቆመ።

«አትጠራኝም?»

«አትጠራሽም።»

ውሃ ጠማኝ ብላ ተነሳች።

አለቀ፣ አጣኋት አልኩ። በውሃ ጥም ከተነሳች ተመልሳ አታውቅም... ኩሽና አልሄደችም። የእናቷ በር ላይ ቆመች። ነጠላ ጫማውን አነሳች። ደረቷ ላይ አቅፋው መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለች። ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። እኔም ከእሷ ጋር። እማዬ ከኩሽና ወጥታ መሐላችን ገባች። ሲወጣላት ኮሚቴዋ አፍንጫዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች፣ ነጩን ገጽ ራሷ መልሳ ገለጠችው።

«ድገመው» አለች።

ደገምኩት።

ኅዳር 6

ሥራ ገባሁ። መቀስ ሁለት የፍቅር ልብ ወለድ ሰጠኝ፣ ቀልዱን ተወው። ስለ ዳክዬው እንደገና ልጻፍ ብለው፣ አንድ መጽሐፍ ሁለቴ አይገመገምም አለ። አልተከራከርኩም። ጽፌ ጠረጴዛው ላይ ተውኩለት፣ ይቁረጠው እንግዲህ።

ልብ ወለዶቹን ቤት ይዤ ገባሁ። የምሰጠው ሰው የለኝም። ወይ ነዶ... ራሴ ከገጽ አንድ ጀመርኩ። ኮሚቴዋ መጥታ አየችኝ፣ አየችኝና መጽሐፉን ከእጄ ወስዳ የመጨረሻውን ገጽ ከፈተችልኝ።

«እማ ከዚህ ነበር የምትጀምረው» አለች።

«ነበር» አለች።