እህል የማይፈጭ ባቡር

ወረታ፣ ሰኔ 16 ቀን 1979 ዓ.ም.

ይድረስ ለታላቅ እኅቴ፣ ለእታለም።

ሰላምታዬ ከወረታ ተነሥቶ ጅማ እስኪገባ ስንት ቀን እንደሚፈጅበት አላውቅም፤ ሲደርስ ግን ሁላችሁንም በጤና ያግኛችሁ። ባለቤትሽ እንዴት ሰነበተ? የልጆቹ ትምህርትስ? የትንሿ ሳል ለቀቃት ወይ? የኔን ነገር የጠየቅሽ እንደሆነ፣ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ጧት ሱቄን እከፍታለሁ፤ ደኅንነት ይኸው ከሆነ ደኅና ነኝ። ዘንድሮ ክረምቱ ቸኩሏል። የርብ ወንዝ ከአፉ ሊወጣ ምንም አልቀረው፤ የሜዳው ሰው ከብቱን ወደ ደረቁ ማውጣት ጀምሯል። ይህን ደብዳቤ ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ባለቤትሽም አጠገብሽ ቢኖር ደስ ይለኛል።

የምጽፍልሽ ስለ አዛናው ባቡር ነው። ታናሽ ወንድማችን አዛናው ወደ ውትድርና ከመሄዱ በፊት፣ ለሩዙ ሥራ ከባሕር ማዶ የመጡትን ሰዎች ማሳ ለማሳ ሲመራቸው መክረሙን ታውቂያለሽ። ከነሱ አንዱ ወደ አገሩ ሲመለስ የልጁን አሻንጉሊት ባቡር ሰጥቶት ሄደ። አንቺ አላየሽውም። አረንጓዴ ነው፤ ከመዳፍ ትንሽ ይበልጣል፤ ሁለት ፉርጎ ይጎትታል። ሐዲዱ ስንዝር ስንዝር ሆኖ የተሠራ ነው፤ ሲቀጣጠል ክብ ይሆናል። አራት የባትሪ ድንጋይ የሚይዝ ሣጥን አለው፤ ከሣጥኑ የሚወጡት ሁለት ሽቦዎች ከሐዲዱ ጋር ይታሰራሉ፤ ባቡሩም ኃይሉን በብረት እግሮቹ ከሐዲዱ እየወሰደ ይሄዳል።

እማ የመጀመሪያ ቀን መሬት ላይ ሲዞር አይታው፣ ምን ምን ይፈጫል ብላ ጠየቀችው። አትፍረጅባት። እዚህ አገር ባቡር ማለት ወፍጮ ነው፤ እህል ይዘሽ ትሄጃለሽ፣ ዱቄት ይዘሽ ትመለሻለሽ። አዛናው ሆዱን ይዞ ሳቀባት። ይኸኛው ሰው ይጭናል እንጂ እህል አይፈጭም ቢላት፣ ታዲያ ሰውን ወዴት ነው የሚወስደው አለችው። የትም አይወስድም፣ ዞሮ እዚሁ ነው አላት። ዞሮ ከመጣስ ደግ ነው አለች። ከዚያ ወዲህ ስሙ እህል የማይፈጭ ባቡር ሆኖ ቀረ። የዛሬ ሁለት ዓመት ለውትድርና ሲሄድ በካርቶን አድርጎ፣ እንዳይዝግብኝ ብሎ አደራ ሰጣት።

አሁን ደግሞ ሌላ ነገር ልንገርሽ፤ ያለሱ የባቡሩ ነገር አይገባሽም። ታኅሣሥ ላይ የቀበሌው ጸሐፊ ደሳለው ሱቄ መጥቶ ማኅተም ያለበት አንድ ወረቀት ሰጠኝ። ፊቴን ሳያይ ሰጥቶኝ ሄደ። ወረቀቱ ምን እንደሚል እዚህ አልጽፈውም። እንዲህ ያለው ነገር በደብዳቤ አይነገርም፤ ሽማግሌዎች በማለዳ መጥተው በአፋቸው የሚናገሩት ነው። አንብቤ አጣጠፍኩትና ሥራዬን ቀጠልኩ። የዚያን ቀን ሦስት ሬዲዮ ጠገንኩ፤ ሦስቱም ሠሩ። ማልቀስ እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ ግን ምንም አልመጣልኝም። ማታ ወረቀቱን ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ካፖርቴ የውስጥ ኪስ ከተትኩት። ከዚያ ወዲያ ኪሱን አልነካሁትም። ለእማ ነገ እነግራታለሁ እያልኩ ጥምቀት አለፈ፣ ጾሙ ገባ፣ ፋሲካም ሆነ።

ግንቦት ላይ፣ የልደታ ማግሥት፣ እማ ካርቶኑን ታቅፋ ሱቄ መጣች። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችውና፣ አልሄድ ብሎኛል፣ አሂድልኝ አለችኝ። ይኸ ከሄደ ልጄም ይመጣል ብዬ ይዣለሁ አለች። ቀጥላ ያለችኝን ቃል በቃል እጽፍልሻለሁ፤ ከሄደ ዝም በል፣ ካልሄደ ንገረኝ። ይህን ብላ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። እኔ ካርቶኑን ሳልከፍት እስከ ምሳ ተቀመጥኩ። ካሄድኩት ልጇን በከንቱ ስትጠብቅ ልትኖር ነው። ካላሄድኩት አፌን ልከፍት ነው። ሁለቱንም አልፈለግኩም።

ሥራ ግን ሥራ ነው፤ ጀመርኩት። እኔ የተበላሸ ነገር ሲመጣልኝ ሁልጊዜ ከምንጩ ነው የምነሣው። ሣጥኑን ከፈትኩት። አሮጌዎቹ ድንጋዮች እዚያው ተረስተው ውሃቸውን ተፍተዋል፤ የሣጥኑን የመዳብ ምላሶች አረንጓዴ ዝገት በልቷቸዋል። በምላጭ ፍቄ አጸዳሁና አዲስ ድንጋይ ከተትኩ። ትንሽ አምፑል በሽቦ አስሬ ሣጥኑ ላይ ብሞክር በራች። እንግዲህ ምንጩ ደኅና ነው። ሐዲዱ ላይ ብሞክራት ጠፋች። ሐዲዱን በጣቴ ብነካው አዳለጠኝ። ጣቴን አሸተትኩት፤ ቅቤ ነው።

እማ ምሳዬን ስታመጣ ጠየቅኳት። ምንም ሳታፍር ነገረችኝ። የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ጧት ጧት ባቡሩን ግራሶ ሲቀባ አይታለች፤ ያልተቀባ ብረት ይነክሳል ሲልም ሰምታለች። ግራሶ ከየት ታምጣ? እሷም በየወሩ በሚካኤል ቀን ካርቶኑን እየከፈተች ባቡሩን ከነሐዲዱ ቅቤ ትቀባው ኖሯል። ለራሷ ጠጕር ያላገኘችውን ቅቤ ነው። ልቆጣት ብዬ ተውኩት። ኃይሉ በባዶ ብረት ላይ ነው የሚሄደው፣ ቅቤው መካከል ገብቶ አግዶታል አልኳት። ጨርቅስ ያግደዋል? አለችኝ። ያግደዋል አልኳት። ወረቀትስ? አለችኝ። ወረቀትም፣ ስስ ወረቀት ይበቃዋል አልኳት። እሺ ብላ ሳሕኑን አነሣችና ሄደች።

ቅቤውን በአረቄ ነው ያጠብኩት። ሐዲዱን አንድ በአንድ፣ እግሮቹንም በጨርቅ ቁራጭ እያሸሁ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ሱቄ አረቄ ቤት መሰለ፤ ሬዲዮ ሊያሠራ የመጣ ሁሉ አተኩሮ ያየኝ ጀመር። የሚያጽናናኝም ነበር፤ መጠጣት ጀመረ ብሎ ያዘነልኝ። ቢሆንም ባቡሩ አልሄደም። ሐዲዱን ትቼ ሽቦውን ቀጥታ ሞተሩ ላይ ባደርገው ትንሽ አንቀጥቅጦት ዝም አለ። እንግዲህ በሽታው ሆዱ ውስጥ ነው ማለት ነው። በትንሿ ካቻቪቴ ፈታሁት። ቅቤው እዚያም ገብቶ ከአቧራ ጋር ተቦክቷል። ኃይሉን ለሞተሩ የምታቀብለው ካርቦን፣ የጤፍ ቅንጣት ታክል ቀርታ አልቃለች። እሷን ወረታ ቀርቶ ባሕር ዳርም አታገኚያትም። የሞተ የባትሪ ድንጋይ ሰብሬ ከመካከሉ የከሰል ዘንጉን አወጣሁና በሞረድ እየሞረድኩ በልኳ አዲስ ሠራሁ። ሞተሩ ዞረ።

ከዚያ በኋላ የቀረው አንድ እንከን ነበር። አንድ ዙር ሄዶ፣ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ሲደርስ ይቆማል። የሐዲዱ መጋጠሚያ ላልቶ ነው። በፒንሳ ጠበቅ አደረግኩት፤ አለቀ። እውነቱን ልንገርሽ እታለም፣ ይኸ ሁሉ የአራት ቀን ሥራ ነው። እኔ አንድ ወር አስረዘምኩት። የተፈታውን ገጥሜ እንደገና እየፈታሁ፣ የጸዳውን እያጸዳሁ ነው የቆየሁት። እማ በየቀኑ ምሳ ይዛ ትመጣለች፣ ትቀመጣለች፣ እጄን ታያለች፣ ገና ነው? ትለኛለች። ገና ነው እላታለሁ።

ያለፈው ቅዳሜ ግን ሱቅ ውስጥ ሃያ ዙር ሳይቆም ዞረልኝ። ከእንግዲህ የማመካኝበት አጣሁ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቤት ወስጄ ወለሉ ላይ ገጠምኩት። ይሂድና ዝም ልበል ብዬ ቆርጬ ነበር። ሽቦውን አስሬ ስጨርስ እጄን ልታጠብ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ስመለስ እማ መደቡ ላይ ተቀምጣለች። ማብሪያውን ተጫንኩት። አልሄደም። ደጋግሜ ተጫንኩት፤ አልሄደም። እሷ ወደ በሩ ነው የምታየው።

እንደ ልማዴ ከምንጩ ተነሣሁ። ሣጥኑን ስከፍተው፣ በድንጋዩና በመዳቡ ምላስ መካከል የታጠፈ ወረቀት ተሰክቷል። ሳልዘረጋው አወቅኩት፤ የማኅተሙ ሰማያዊ ቀለም በጀርባው ይታያል። እጥፋቱ አልቆ እንደ ጨርቅ ለስልሷል፤ ዳር ዳሩ ቅቤ ጠጥቶ ቢጫ ሆኗል። የአንድ ሳምንት ቅቤ አይደለም። በኋላ መሪጌታ ገብረ ኪዳንን ጠይቄ እንደተረዳሁት፣ የጥምቀት ሰሞን ካፖርቴን ፀሐይ ልታሰጣ አውርዳ ነው ያገኘችው። ማንበብ አትችልም፤ ማኅተም ግን ታውቃለች። በጉያዋ ይዛ ሄዳ እሳቸው ዘንድ ሁለት ጊዜ አስነበበችው። መስማቷን ለእኔ እንዳይነግሩኝ አደራ ብላቸው ወጣች፤ እሳቸውም አደራዋን ጠብቀው አፋቸውን ዘጉ። አምስት ወር ሙሉ እኔ ከእሷ ስደብቅ እሷ ከእኔ ትደብቅ ነበር። ምሳ ይዛ መጥታ አጠገቤ ትቀመጥ የነበረው እስክናገር ድረስ ኖሯል።

ወረቀቱን ይዤ ቁጭ እንዳልኩ፣ አልሄደም አይደል? አለችኝ። አልሄደም አልኳት። እንግዲያ ንገረኝ አለች።

አፌን ስከፍት የወጣው የወረቀቱ ነገር አልነበረም። እሱንማ ታውቀዋለች። የወጣው ለማንም ተናግሬው የማላውቀው ነው፤ አንቺም ከኔ ስሚው። የዛሬ ሁለት ዓመት የቀበሌው ዝርዝር ሲወጣ የሁለታችንም ስም ነበረበት። ከአንድ ቤት አንድ ይበቃል ተብሎ ደሳለው ወደ ሱቄ መጣና ማን ይሂድ ብሎ ጠየቀኝ። ታላቁ እኔ ነኝ። እኔ የቀበሌውን ድምፅ ማጉያ እየጠገንኩ ነው አልኩት። ከዚህ ሌላ ምንም አላልኩም፤ የአዛናውንም ስም አልጠራሁም። ድምፅ ማጉያው ግን በዚያው ቀን ተጠግኖ አልቆ ነበር። እሱ ሄደ፤ እኔ ቀረሁ። ይህን ሁሉ ለእማ ነገርኳት። ስለ ሌላ ሰው የማወራ መሰለኝ።

እማ አልጮኸችም፣ ደረቷንም አልመታችም። ከመደቡ ወርዳ ባቡሩን አነሣችው፣ እግሮቹን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገቻቸው፣ መልሳ ሐዲዱ ላይ አስቀመጠችው። አሁን አሂደው አለችኝ። ድንጋዩን መልሼ ከትቼ ተጫንኩት። ሄደ። ሁለታችንም መሬት ተቀምጠን፣ ድንጋዩ ደክሞ እስኪቆም ድረስ ሲዞር አየነው። ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ ወደ ጉያዋ መለሰችው።

ከዚያ በኋላ ለእኅትህ ጻፍ አለችኝ። መንገዱ ውሃ ሳይሆን ትምጣ፣ ሽማግሌዎቹም እሷ ስትደርስ ነው የሚመጡት አለች። በደብዳቤ እንዳትነግራት፣ እኔን ትንሽ አሞኛል በልና አንድ መስመር ጻፍላት አለች። አንድ መስመር ነበር የታዘዝኩት። አንቺ ግን እስካሁን ሁሉንም እንደ ተረዳሽው አውቃለሁ፤ ቃሉን አልጻፍኩትም እንጂ ከዚህ በላይ መደበቅ አቃተኝ። እማ ከእሑድ ወዲህ በስሜ ጠርታኝ አታውቅም። ምሳዬን ግን አንድ ቀን አላስቀረችብኝም፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣልኝ ትመለሳለች። ይቅር ትበለኝ አትበለኝ አላውቅም። አንቺም ስትመጪ የምትይኝን በይኝ፤ እሰማሻለሁ።

የአባታችን ጸሎት አይለይሽ። የሜዳችን ሚካኤል በመንገድ ይጠብቅሽ፤ ልጆችሽን ያሳድግልሽ፤ ቤትሽን ከክፉ ወሬ ይሰውርልሽ። ብቻሽን እንዳትመጪ፤ ጥቁር ነጠላሽንም ያዢ፣ የዘንድሮው ብርድ ይከፋል።

እማን ትንሽ አሟታልና ቶሎ ነይ።

የቀረው ወንድምሽ