የወንድሜን ሄሊኮፕተር ስላሻሻላችሁልኝ

ለተዋጊ ሄሊኮፕተር የበረራ ማስመሰያ ፕሮግራም አዘጋጅ ድርጅት
የማሻሻያና የስሕተት እርማት ክፍል
ባላችሁበት

ጉዳዩ፦ ባለፈው ማሻሻያ የተደረገልንን በጎ ነገር ሁሉ በዝርዝር ስለማመስገን

የተከበራችሁ የክፍሉ ኃላፊና ባለሙያዎች፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርሳችሁ እናንተም፣ ቤተሰቦቻችሁም፣ ቀኑን ሙሉ የምትደክሙባቸው ኮምፒውተሮቻችሁም በፍጹም ጤንነት ላይ እንድትገኙ ከልብ እመኛለሁ። እኔ በአንድ ትምህርት ቤት ለአሥራ ዘጠኝ ዓመታት የርእሰ መምህር ደብዳቤ ስተይብ የኖርኩ ጸሐፊ ነኝ። ለበላይ አካል እንዴት እንደሚጻፍ አውቃለሁ፤ የተጻፈው እንዴት ሳይነበብ መዝገብ ቤት እንደሚገባም እንዲሁ አውቃለሁ። በግል የላክሁላችሁ ሦስት ደብዳቤዎች ያገኙትን መልስ ዝቅ ብዬ ስለምጠቅስ፣ ይህን አራተኛውን ያገኘው ሁሉ እንዲያነበው በአደባባይ በማውጣቴ ድፍረቴን ይቅር በሉኝ።

ከምስጋናዬ በፊት የማመሰግንበትን ምክንያት ማስረዳት ይኖርብኛል። ታላቅ ወንድሜ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የተዋጊ ሄሊኮፕተር መካኒክ ነበር። ጠግኖ ያስነሳል እንጂ አብሮ አይነሳም። ጡረታ ሲወጣ ኩላሊቱም አብሮት ጡረታ ወጣ፤ ኮምፒውተር ላይ የሚበረርበትን የእናንተን ፕሮግራም ያገኘው ያን ጊዜ ነው። ከአንድ አሮጌ መኪና የእጅ ፍሬን ነቅሎ፣ ከምግብ ጠረጴዛችን ወንበሮች በአንዱ ጎን በብሎን አስሮ፣ ሄሊኮፕተሯን ከፍና ዝቅ የሚያደርግበት ማንሻ አደረገው። ከዚያች ቀን ጀምሮ እኛ ቤት እንግዳ በመጣ ቁጥር አንድ ወንበር ይጎድላል።

እንደምታውቁት ተዋጊ ሄሊኮፕተር ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አብራሪና ተኳሽ። ተኳሿ እኔ ነበርኩ፤ ቅዳሜ ጠዋት በርጩማዬን ስቤ ከጎኑ እቀመጥና ማውሱን እይዛለሁ። በአራት ዓመት ውስጥ ግን አንዲት ጥይት አልተኮስኩም። «ወንድም ጋሼ፣ ዛሬ እንኳ አንዴ ልሞክር» ብዬ ስለምነው «ተኩሰሽ ማን ሊያጸዳው ነው?» ይለኛል። ሃያ ሁለት ዓመት የመሣሪያ ጥላሸት ሲጠርግ ለኖረ ሰው ጦርነት ማለት ይኸው ነበር። መሬት ከነካን በኋላም ሞተሩ በዝግታ እየዞረ እንዲቀዘቅዝ፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ይጠብቃል፤ ከዚያ ነው የሚያጠፋው። የኮምፒውተር ሞተር ምን ይግላል ብዬ ስስቅበት «ልማድ ነው፣ ተይኝ» ይለኛል።

እናታችን ዓይኗ ከደከመ ስድስት ዓመት ሆኗታል። እኛ ስንበር ሶፋው ላይ ጋደም ብላ ድምፁን ታዳምጣለች፤ ሞተሩ ጸጥ ሲል «ደረሳችሁ?» ትላለች። «ደርሰናል እማዬ» ይላታል። ይኸው ነበር ቅዳሜያችን።

ወንድሜ ከሞተ ስምንት ወር ሆነው። ከእሱ የቀረልን ፕሮግራሙ ላይ የተቀዳ አንድ በረራ ነው፤ ሠላሳ አራት ደቂቃ፣ ከሜዳው ተነስቶ፣ ወንዙን ተከትሎ፣ በገደሉ መካከል አልፎ እስከሚያርፍበት ድረስ። ቅዳሜ ቅዳሜ እከፍተዋለሁ፤ እናቴም ሶፋዋ ላይ ታዳምጣለች። ልጇን በእጇ አፈር ያለበሰች ሴት ናትና ሞቱን የረሳች እንዳይመስላችሁ። ብቻ ሞተሩ ጸጥ ሲል «ደረሳችሁ?» ትላለች፤ እኔም «ደርሰናል» እላታለሁ። ለሁለታችንም ይበቃን ነበር።

ከሁለት ወር በፊት የእናንተ ማሻሻያ መጣ። ምስጋናዬም እንደሚከተለው ነው።

1ኛ. የጭራው ማራገቢያ የነበረበት ስሕተት ስለታረመ። በዚህ አጋጣሚ አንድ የማላውቀውን ነገር ስላስተማራችሁኝም ባለዕዳ ነኝ። ቅጂው ፊልም ይመስለኝ ነበር፤ ለካስ የሚያስቀምጠው የእጅና የእግርን እንቅስቃሴ ብቻ ኖሯል። በየትኛው ሰከንድ መሪውን ምን ያህል እንደገፋ፣ ፔዳሉን ምን ያህል እንደረገጠ ይመዘግባል፤ ፕሮግራሙም በተከፈተ ቁጥር እንደ አዲስ ያበርረዋል። እናም የወንድሜ እጆችና እግሮች አንድም ሳይሳሳቱ የድሮውን ሥራቸውን ሠሩ፤ ሄሊኮፕተሯ ግን የድሮዋ አልነበረችም። ሃያ ሦስተኛው ደቂቃ ላይ፣ ገደሉ በሚታጠፍበት፣ ጭራዋ እንደ ቀድሞው አልታዘዝ አለው። ዞረች፣ ዞረች፣ ከዓለቱ ጋር ተላተመች። በአራት ዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ያልተከሰከሰ ሰው፣ ከሞተ በኋላ እንዲከሰከስ ማድረግ ቀላል ችሎታ አይደለምና እጃችሁ ይባረክ።

2ኛ. ከአደጋ በኋላ የሚታየው እሳትና ጭስ «ወደ ተፈጥሯዊው ይበልጥ እንዲቀርብ» ስለተደረገ። አይቼዋለሁ፤ ጭሱ ነፋሱን ተከትሎ ይሄዳል። በእውነት ደክማችሁበታል።

3ኛ. የአደጋ ማስጠንቀቂያው ድምፅ ከፍ እንዲል ስለተደረገ። እናቴ ከሶፋው ላይ ብድግ ያለችው በእሱ ነው። «ምን ሆናችሁ?» አለችኝ። መብራት ጠፋ አልኳት፤ ፍሪጁ ጀርባዬ ላይ እያጓራ። ዓይኗ እንጂ ጆሮዋ ደኅና የሆነችን ሴት በዚህ አታለልኩ ብዬ ማሰቤ አሁንም ያሳፍረኛል። ከዚያ ወዲህ ሃያ ሁለተኛው ደቂቃ ሲደርስ ድምፁን ቀስ አድርጌ እዘጋዋለሁ። እሷም ዝም ትላለች። ደረሳችሁ ማለቱን ተወችው፤ እኔን ሆድ የሚያስብሰኝ ከግጭቱ ይልቅ ይኸው ዝምታዋ ነው።

4ኛ. በሁለት ቀን ውስጥ መልስ ስለሰጠኝ የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኛችሁ። ትሕትናው ልብ ይነካል። የቆዩ ቅጂዎች ከአዲሱ ማሻሻያ ጋር ላይስማሙ እንደሚችሉ ከገለጸልኝ በኋላ፣ ከሁሉ የሚሻለው «አብራሪው በረራውን እንደገና በርሮ አዲስ ቅጂ ቢያዘጋጅ» መሆኑን መክሮኛል። ምክሩን ለአብራሪው የማደርስበት አድራሻ ስላጣሁ እስካሁን ተግባራዊ ባለማድረጌ ይቅርታ እጠይቃለሁ። በሁለተኛው ደብዳቤዬ የድሮውን ፕሮግራም መልሳችሁ እንድትሰጡኝ ብለምን፣ «ለተጠቃሚዎች ጥቅም ሲባል» ከነጭራሹ መወገዱ ተነገረኝ። ተጠቃሚዋ እኔ ነኝና ጥቅሜን ለማወቅ ብዙ ደከምኩ፤ አልተገለጸልኝም። ለሦስተኛው ደብዳቤ የመጣልኝ መልስ በአገልግሎቱ ምን ያህል እንደረካሁ ከአምስት ኮከብ እንድለካ የሚጠይቅ ቅጽ ነበር።

5ኛ. ስለ ደመናው። ደመናው በእርግጥ አምሮበታል፤ ይህን ያለ ምንም ሽሙጥ ነው የምለው። ወንድሜ ቢያየው ይወደው ነበር።

የተከበራችሁ ባለሙያዎች፣ ያበላሻችሁት ነገር ስላለ አይደለም የምጽፍላችሁ። ጭራው ስሕተት ነበረበት ካላችሁ ነበረበት፤ ወንድሜም መካኒክ ነበርና ስሕተት ሲታረም ደስ ይለዋል እንጂ አይከፋም። ነገር ግን እሱ እጁን ያስለመደው ከነስሕተቷ ካለችው ጋር ነበር። የምለምናችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የድሮዋን ከአንዱ ጥግ ፈልጋችሁ ስጡኝ። አላሻሽላትም፣ አልሸጣትም፣ ጥይትም አልተኩስባትም። ቅዳሜ ጠዋት ሠላሳ አራት ደቂቃ ብቻ አስነስቼ እመልሳታለሁ።

ስሕተት የሌለበት ነገር ለመሥራት ለምትተጉት ለእናንተ ያለኝን ወሰን የለሽ አክብሮት እየገለጽሁ፣ ፈጣሪ ለቀጣዩ ማሻሻያችሁ ብርታቱን እንዲሰጣችሁ፣ ለእኛም ትዕግሥቱን እንዲጨምርልን በመመኘት እሰናበታለሁ።

የዘወትር አመስጋኛችሁ፣
ያልተኮሰችው ተኳሽ

ግልባጭ፦
ለደንበኞች አገልግሎት ክፍል፣ ከአምስት ኮከብ ቅጹ ጋር
ለአብራሪው፣ አድራሻው ሲታወቅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከማሻሻያ ዝርዝራችሁ ግርጌ፣ ቅጂ የሚመለከት ሰው በፈለገበት ቅጽበት መሪውን ተቀብሎ ማብረር እንደሚችል ተጽፏል። ይህኛው ያለ እንከን እንደሚሠራ ልመሰክርላችሁ እወዳለሁ። በሕይወቴ መሪ ጨብጬ ባላውቅም ወንበሩ ላይ ተቀምጬ፣ ከመታጠፊያው በፊት ከወንድሜ እጅ እየተቀበልኩ ስድስት ሳምንት ስለማመድ፣ ሃምሳ ሰባት ጊዜ ተከሰከስኩ። ባለፈው ቅዳሜ ግን ድምፁን ከፍ አድርጌ፣ ገደሉን ዞሬ፣ ሜዳው ላይ አሳረፍኳትና ሞተሩን አጠፋሁ። ከዚያ ወደ ሶፋው ዞሬ «ደረሳችሁ?» እስክትለኝ ጠበቅሁ። እናቴ ግን «ልጄ፣ አንቺ ነሽ አይደል? እሱ እኮ ሳያቀዘቅዘው አያጠፋም» አለችኝ። እኔና እሱ የት ላይ እንደተለየን ጠየቀችኝ፤ ሃያ ሦስተኛው ደቂቃ ላይ አልኳት። እንግዲህ ባለሙያዎቻችሁ በሦስት ደብዳቤ ያላገኙትን ጉድለት፣ የማታይ ሴት ከሶፋ ሳትነሳ አግኝታዋለች። ቀጣዩን ማሻሻያ ከመልቀቃችሁ በፊት የሚፈትሽላችሁ ሰው ካጣችሁ፣ እናቴ ቅዳሜ ጠዋት ቤት ናት፤ ከእንግዲህ የምታዳምጠው ነገር ስለሌላት ሰፊ ጊዜ አላት።