በሩ ላላወቀው ጉንጭ የቀረበ ምስጋና

ለክቡር የመሥሪያ ቤታችን ዋና ዳይሬክተር፤

ጤና ከእርስዎ፣ ከመላ ቤተሰብዎና ከሚቀመጡበት ለስላሳ ወንበር እንዳይለይ እየተመኘሁ፣ እኔ በምድር ቤቱ መዝገብ ቤት ለአሥራ ስድስት ዓመት ብቻዬን ፋይል ሳወጣና ስመልስ የኖርኩት ሠራተኛዎ፣ ፊቴን ስላሳደሱልኝ ያደረብኝን ምስጋና በአደባባይ ለመግለጽ ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ። ቢሮዎ መጥቼ እንዳላመሰግንዎ ቢሮዎ ያለው ከበሩ ማዶ ነው፤ በሩ ደግሞ አያውቀኝም።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢዎች ላስረዳ። ባለፈው ዓመት ባለቤቴን ስምንት ወር አስታምሜ ቀበርኩት። በዚያው እኔም ከሰውነት ተራ ወጣሁ፤ ጉንጬማ ሟሽሾ ሁለት ጉድጓድ ሆነ። ወደ ሥራዬ ስመለስ፣ ፊት አይቶ የሚከፍትና የገቢ ሰዓት የሚመዘግብ መሣሪያ በመግቢያው ላይ ተተክሎ ጠበቀኝ። መሣሪያው ያጠናው ስቀጠር ፋይሌ ውስጥ የተለጠፈውን፣ ጉንጨ ሙሉ ሳለሁ የተነሣሁትን ፎቶግራፍ ስለነበር፣ ብጠጋውም፣ ብርቀውም፣ ፈገግ ብልለትም «አልታወቀም» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልነበረውም። የጥበቃው አባት «ልጄ፣ እኔስ አውቅሻለሁ፤ ምን ላድርግሽ» እያሉ በጎን በር ያስገቡኛል፤ እኔ ቀኑን ሙሉ ስሠራ እውላለሁ፤ መሣሪያው ቀሪ ሲለኝ ይውላል።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

፩ኛ. የአሁኑን ፊቴን የሚያሳይ ፎቶግራፍ አያይዤ፣ ይቀየርልኝ ብዬ ላቀረብኩት ማመልከቻ ስለሰጡኝ መልስ አመሰግናለሁ። በደንባችን ሠራተኛ የራሱን ፋይል አይነካም፤ ፋይል የሚያወጣው የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ብቻ ነው፤ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ደግሞ እኔው ነኝ። እርስዎም «የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ በተከታታይ ከሥራ ስለቀሩ ፋይልዎን ማውጣት አልተቻለም፤ እሳቸው ሲመለሱ ይታያል» ብለው በፊርማና በማኅተም አስታወቁኝ። ይህንን ደብዳቤ ፈርሜ የተቀበልኩት በሥራ ሰዓት፣ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጬ ነው። ውሸት ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው፤ ያን ጊዜ መሣሪያው አላውቅሽም ቢለኝም አልቀየመውም።

፪ኛ. ፎቶግራፉ ፊቴን መምሰል ካቃተው ፊቴ ፎቶግራፉን ይምሰል ብለው ስለወሰኑልኝ አመሰግናለሁ። በአሥር ቀን ፈቃድ ውስጥ ጉንጬን ወደ ቀድሞ ይዞታው እንድመልስ፣ አለዚያ በቀሪነት እንደምሰናበት የሚገልጸው ቅጽ ሦስት ሳጥኖች ነበሩት፤ በመርፌ ማስሞላት፣ ከራስ ገላ ስብ አስወስዶ ማስሞላት፣ በቀዶ ሕክምና ጠጣር ሲሊኮን ማስቀመጥ። «ጉንጬን ተዉልኝ» የሚል አራተኛ ሳጥን ይኖር እንደሆን ብዬ ወረቀቱን ገልብጬ አይቻለሁ፤ ጀርባው ባዶ ነው። ያለ አባት የቀረች ልጅ አለችኝ፤ ከዚህ ሥራ ሌላ የምናድርበት የለንም። ስለዚህ ወደ ሐኪሙ ሄድኩ።

ሐኪሙ ጨዋ ሰው ናቸው። ስብ ፍለጋ ሆዴንና ዳሌዬን ቆንጠጥ ቆንጠጥ አድርገው ሲያበቁ፣ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ መሆኑ ገብቷቸው ይቅርታ ጠየቁኝ። የመርፌው በዓመት በዓመት ተኩል እየሟሟ ይጠፋል ሲሉኝ፣ በየዓመቱ ከበሩ ጋር እንደገና መተዋወቅ አቅም የለኝምና ተውኩት። የእርስዎም ቅጽ «ዘላቂ መፍትሔ» ነበር የሚለው። ሦስተኛውን መረጥኩ። በአፌ ውስጥ ቀደው ሁለት ጠጣር ነገር ከአጥንቴ ላይ አስቀመጡልኝ። ለአንድ ሳምንት ሾርባ በማንኪያ እየጠጣሁ፣ ሕመሙንስ ሥራ አያሳጣኝ እንጂ እችለዋለሁ እያልኩ ልጄን አጽናናሁ።

፫ኛ. በእነዚያ አሥር ቀናት በእኔ ቦታ ስለመደቡት ትጉ ተተኪ አመሰግናለሁ። ሰውየው የተከመረውን ጉዳይ ሁሉ በአንድ ቀን አጠናቀቀ፤ በተከመረውም ውስጥ የእኔ ማመልከቻ ነበረበት። ፋይሌን አወጣ፤ የድሮውን ፎቶግራፍ አንሥቶ፣ ባለ ጉድጓድ ጉንጯን እኔን ለጠፈ፤ መሣሪያውም እሷን አጠና። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። በአሥራ አንደኛው ቀን ጉንጬን ሞልቼ፣ ፀጉሬን ተተኩሼ ከበሩ ፊት ብቆም «አልታወቀም» አለኝ። የጥበቃው አባትም ለረጅም ጊዜ አዩኝና፣ አንገታቸውን ደፍተው «ማንን ፈልገው ነው?» አሉኝ። በአንቱታ።

፬ኛ. የጎኑን በር ስላሸጉት፣ «ሠራተኛዋ መልካቸውን በገዛ ፈቃዳቸው ስለለወጡ» በሚል ምክንያትም ስላሰናበቱኝ።

የተቀመጠው ይውጣልኝ ብዬ ሐኪሙን ለምኜ ነበር። ማውጣቱ አያቅትም፤ ከወጣ በኋላ ግን የተለጠጠው ቆዳ ስለሚንጠለጠል የፊተኛዋንም የኋለኛዋንም አልመስልም አሉኝ። አሁን ልጄ እራት ላይ ስታዋራኝ ሳህኗን እያየች ነው። አትቆጣኝም፣ አታለቅስም፤ ብቻ ቀና አትልም። አባቷን ቀብራ የመጣች ልጅ እናቷንም ቤት ውስጥ አጣች፤ እኔም የማጽናናበት ፊት የለኝም። ወደ ሥራዬ ይመልሱኝ ብዬ አልጠይቅዎትም፤ የሚመልሱት ማንን እንደሆነ እኔም አላውቅ።

በአክብሮት እጅ እየነሣሁ፣ ሲያዝንም ሲስቅም ከማይንቀሳቀስ ጉንጭ በታች ፈርሜያለሁ፤
የቀድሞዋ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ ከበሩ ውጭ

ማስታወሻ፦ ከተሾሙ ወዲህ የክቡርነትዎ ጉንጭ ያለ መርፌና ያለ ቢላ በእጥፍ መሙላቱን ሠራተኛው ሁሉ ያያል፤ መሣሪያው ግን አንድም ቀን በሩን ዘግቶብዎት አያውቅም። ሐኪሙን ብጠይቃቸው እንዲህ ያለው አሞላል ከሦስቱ አማራጮች ውስጥ የለም፤ የሚገኘው በሹመት ብቻ ነው ብለውኛል።