ልቡን የቆረጥኩት ዘንባባ

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ ለአቶ ንጉሡ፣
አርባ ምንጭ።

አባባ፣ እንደምን ከርመዋል? ደረትዎ እንዴት ነው? ሳሉስ ረገብ አለልዎት? ትራስ ደራርበው ቁጭ ብለው ማደርዎ ቀረ ወይስ አሁንም አለ? ምስክር በደወለች ቁጥር "ደህና ናቸው፣ እህልም ይበላሉ" ትለኛለች። እህቴ ግን ከልጅነቷ ጀምሮ ክፉ ወሬ ከአፏ አይወጣምና ግማሹን ብቻ ነው የማምናት። የአርባ ምንጩን ሙቀትስ ለመዱት? ባለፈው በነጠላ ብቻ ደጅ ተቀምጫለሁ ሲሉኝ እኔ እዚህ ጋቢ ደርቤ ነበር የማዳምጥዎት። አፊያውን አብዝቶ ይስጥልኝ።

እኛ በአካል ደህና ነን፣ ክብር ምስጋና ለእሱ ይሁን። ባለቤቴ ይታይሽም ደህና ናት። ላሚቱ ወለደች፣ ሴት ጥጃ ናት። ገብሱ ዘንድሮ ያማረ ነው፤ ከወንዙ አጠገብ ያለውን ብቻ በረዶ ነካክቶታል። የብየዳ ቤቴም ሥራ አላጣም። መብራት ሲኖር በርና መስኮት እሠራለሁ፣ መብራት ሲጠፋ ከጎረቤት ጋር እጨቃጨቃለሁ።

ይህን ሁሉ የምዘበዝበው ዋናውን ነገር ለመሸሽ ነው። እባክዎን መነጽርዎን ያድርጉና ከዚህ በታች ያለውን ራስዎ ያንብቡት፤ ምስክር እንድታነብልዎ አይስጧት። በስልክ ያልነገርኩዎት ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ስለሆነ ነው ብዬ ለራሴ ሳመካኝ ከረምኩ። ሐሰት ነው። ድምፅዎ ጥርት ብሎ ይሰማኛል። ያቃተኝ ድምፅዎን እየሰማሁ መናገር ነው።

ዘንባባው ሞቷል፣ አባባ። የገደለው ደግሞ ውርጭ አይደለም። እኔ ነኝ።

እዚህ ላይ ወረቀቱን እንዳያስቀምጡት እለምንዎታለሁ። እርስዎ የሚያውቁትን መልሶ ለእርስዎ መንገር ሞኝነት ነው፤ ግን ምን እንደሆነ እያወቅኩ እንደገደልኩት እንዲረዱልኝ ልጻፈው። እማዬ የዓባይ በረሃ ልጅ ነበረች። ለእርስዎ ተድራ ወደዚህ ደጋ ከወጣች ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ በደንብ ሞቋት አያውቅም፤ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ የሚመታውን ግድግዳ ተደግፋ ትቆም ነበር። በየዓመቱ ለሆሳዕና ዘንባባ ከቆላ በአህያ ሲመጣ ቅጠሉን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ትቆያለች። እርስዎ ይህን አይተው፣ ያኔ ገና ምስክር ሳትዳር፣ በረሃ ወርደው ከወዳጅዎ ከዙሀራ ባል ምንጭ ዳር ጉልበት የማይደርስ ችግኝ በዘይት ቆርቆሮ ተሸክመው መጡ። አገሩ ሁሉ ሳቀብዎት። "ንጉሡ ለሚስቱ ቆላን በቆርቆሮ አመጣላት" ተባለ።

በመጀመሪያው ኅዳር ውርጭ ለበለበው። ያኔ ያየሁት ፊትዎ አሁንም ዓይኔ ላይ አለ። በሁለተኛው ዓመት ግን ብልሃቱን አገኙት። እማዬ ከምትሞቅበት ግድግዳ ሥር አዛወሩት። ሥሩ ላይ አመድ ይነሰንሱ፣ ቅጠሉን እንደ ሴት ጠጉር ሰብስበው ያስሩ፣ በሰንበሌጥ ይሸፍኑ፣ ከላዩ ጆንያ ያጠልቁ፣ በመጨረሻ አናቱ ላይ የእማዬን አሮጌ ጋቢ ይጠመጥሙበት ነበር። ጥምቀት ሲያልፍ ይፈታል። እማዬ ከሞተችም በኋላ አንድ ዓመት አላጓደሉም። የሳቁት ሰዎች ልጆቻቸውን እያመጡ ያሳዩ ጀመር።

የዛሬ ሁለት ዓመት ሐኪሙ ይህ ብርድ ለደረትዎ አይሆንም ብሎ ወደ ምስክር ሲወርዱ፣ መናኸሪያ ላይ እጄን ይዘው ስለ በሬም ስለ መሬትም አልተናገሩም። "ልቡን አደራ" አሉኝ። "ባሕር ዛፍ ቢቆርጡት ያቆጠቁጣል፤ ዘንባባ ግን ልቡ አንድ ነው፣ እሱ ከተነካ ሌላ የለውም።" እኔም አውቶቡሱ ጡሩንባ ሲነፋ "አውቃለሁ፣ አባባ፣ አውቃለሁ" አልኩዎት፤ አነጋገሬ ሰው የሚያቻኩል ነበር። ሁለት ኅዳር ግን እንዳስተማሩኝ አድርጌ አለበስኩት። ይህችን ብቻ አይንሱኝ።

ባለፈው ሚያዝያ የሆሳዕና ዋዜማ ቆላ የሚያወርደው መንገድ ተዘግቶ ዘንባባ ሳይመጣ ቀረ። ቄሰ ገበዙ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው ብየዳ ቤቴ ድረስ መጡ። "የንጉሡ ልጅ፣ ዘንድሮ ሆሳዕና ካንተ ደጅ ነው የምትወጣው" አሉኝ። አባባ፣ ልቤ አበጠ። ሁልጊዜ እርስዎ ነበሩ የሚጠሩት። ራሴ የበየድኩትን መሰላል አቁሜ በመጋዝ የታችኞቹን ቅጠሎች አወረድኩ። እስከዚህ ድረስ እርስዎም ቢሆኑ ያደርጉት ነበር።

ነገር ግን ቅጠሉ ጠንካራ ሆነ። ደጃችን የተሰበሰቡት ሴቶች ቀለበት ሊሠሩበት ሲያጥፉት እየተሰነጠቀ አስቸገራቸው። ከመካከላቸው አልታየች፣ ያችው አፈኛዋ ጎረቤታችን፣ ቀና ብላ "ኧረ ምናለ፣ ነጩን ነጩን አውርድልን! ይሄማ ለአጥር ነው የሚሆን!" አለችኝ። ሁሉም ሳቀና ወደ እኔ አየ። ነጩ የት እንዳለ ያውቃሉ፤ ከአናቱ መሃል ቀጥ ብሎ የሚወጣው፣ ገና ያልተከፈተው ነው። ረሳሁት ብልዎት ይቀለኝ ነበር። አልረሳሁም። መሰላሉ ላይ ቆሜ ቃልዎ አንድ በአንድ መጣብኝ። ቢሆንም ያን ሁሉ ሰው "አባቴ ከልክሎኛል" ማለት አፈርኩ፤ የሠላሳ ስድስት ዓመት ሰው ነኝ አልኩ። አንዱን ቆረጥኩ። አልበቃም። ሁለተኛውን ስቆርጥ ነጩ ብዙ እንዲወጣልኝ መጋዙን ወደ ውስጥ አጠለቅኩት። ሦስተኛውንም እንዲሁ። እልልታው ቀለጠ።

በማግስቱ ምእመኑ ሁሉ የእርስዎን ዘንባባ ግንባሩ ላይ አስሮ ዋለ። ቄሰ ገበዙ በሕዝብ ፊት ስምዎን ጠርተው መረቁ። እኔም ደረቴን ነፍቼ መሃል ቆሜ ነበር። የሚያሳፍረኝ ይህ ነው፤ እርስዎ ከሄዱ ወዲህ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ማታውን ደውለው ወሬውን ስነግርዎት ሳቁ፣ ከዚያም "ልቡን አልነካችሁትም አይደል?" አሉኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ "ኧረ በጭራሽ!" አልኩዎት።

ክረምቱ ሲገባ የቆረጥኩበት ጉድጓድ ውሃ ይዞ መሽተት ጀመረ። በሐምሌ አመድ ሞላሁበት፣ ጠበል ረጨሁበት፣ የግብርና ባለሙያውንም አምጥቼ አሳየሁት። እሱም በጣቱ ጫን ጫን አድርጎ አይቶ "ይህ ያለቀለት ነው" ብሎኝ ሄደ። በነሐሴ የቀረውን ቅጠል ሳብ ባደርገው ከነሥሩ በስብሶ እጄ ላይ ቀረ። እርስዎ ደግሞ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር "አዲስ ቅጠል አወጣ?" ይሉኛል። "ሁለት አወጣ" እላለሁ። በሳምንቱ "ሦስተኛው እየተከፈተ ነው" እላለሁ። ዘንባባው በስልክ እንደዘንድሮው አድጎ አያውቅም። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእኔ ግን በየሳምንቱ ከበደኝ።

መስቀል ካለፈ በኋላ ያደረግኩት ከመቁረጤም የባሰ ነው። በረሃ ወርጄ ዙሀራ ዘንድ ሄድኩ። ባሏ ሞቷል፤ እሷ ግን አለች፣ ምንጩም አለ። አባቴ ሁለተኛ ዘንባባ ፈለገ ብዬ ዋሸኋት። "አልሐምዱሊላህ! ያ የቆርቆሮው ልጅ አድጎ ወንድም አማረው በለኛ!" ብላ ከልቧ ሳቀች። ቁመቱ ለእርስዎው የቀረበውን ራሷ መርጣ አስቆፈረችልኝ፤ እምቢ ብላ ምንም አልተቀበለችኝም። በአይሱዙ ጭኜ አመጣሁና የሞተውን ነቅዬ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ተከልኩት። አንድ ክንድ ያጥራል። ለሱም "ውርጭ አቀጨጨው" የሚል ምክንያት አዘጋጅቼ ነበር። ይታይሽ አፈር እንኳ አላቀበለችኝም። ቆማ አየችኝና "እሳቸው ያንን ዛፍ ካንተ አብልጠው ነው የሚያውቁት፤ በእጃቸው ሲነኩት የሌላ መሆኑን ይለዩታል፣ ያኔ የት ትገባለህ?" አለችኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ ለኅዳር ሚካኤል እመጣለሁ አሉኝ። "አንድ ጊዜ በእጄ ላልብሰው፤ ከዚያ ወዲያ እግሬን ሰብስቤ እቀመጣለሁ" አሉኝ። እኔም "እሰየው፣ ደስ ይለናል" አልኩ። ሐኪሙ ያለውን አውቃለሁ። ምስክርም እያለቀሰች ደውላ "ከልክልልኝ፣ የደጋ ብርድ ይገድላቸዋል" ብላኛለች። የሚያመጣዎት ግን የእኔ ውሸት ነው፤ በምን አፌ ልከልክልዎት?

ያኑ ዕለት፣ እርስዎ ሲመጡ ጥቅሉን ብቻ እንዲያዩ ብዬ አዲሱን ዛፍ ቀድሜ ማልበስ ጀመርኩ። ሰንበሌጡን አሰርኩ፣ ጆንያውን አጠለቅኩ። ከዚያ የእማዬን ጋቢ ከሣጥን አውጥቼ መሰላሉ ላይ ወጣሁ። ጥለቱ አልቋል፤ አንዱ ጫፉ ላይ እርስዎ በጥቁር ክር የጠቀሙት አለ። የእሷን ጋቢ ለማታውቀው ዛፍ ላለብስ ነው፣ ያውም እርስዎን ለማታለል። ወርጄ ጋቢውን ታቅፌ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ይታይሽ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ሲወጣልኝ ይህን ደብዳቤ ልጽፍ ወረቀት ጠየቅኳት።

አሁን የምለምንዎት እንዳይመጡ ነው። ብርዱ ዘንድሮ ቀድሞ ገብቷል፤ ጠዋት ጠዋት ሣሩ ላይ አመዳይ ይታያል። ለሞተ ዛፍ ብለው ደረትዎን ለዚህ ውርጭ አይስጡብኝ። አንድ አደራ በልቻለሁ፤ በዚያ ላይ የእርስዎን ነፍስ አልችልም።

ሌላም ማንም ያልጠየቀኝ ነገር አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ "ና፣ ልይህ" ሲሉኝ "ዘንባባውን ለማን ትቼ?" እል ነበር። እርስዎም ደስ ብሎዎት "ልክ ነህ፣ እሱን ጠብቅልኝ" ይሉ ነበር። ዘንባባው ግን ከጥምቀት እስከ ጥቅምት ማንንም እንደማይፈልግ እርስዎም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ። ያልመጣሁት ፈርቼ ነው። እስትንፋስዎ ሲቆራረጥ ማየት ፈራሁ፤ እማዬን እንደዚያ እያየሁ ነው የሸኘኋት። ዛፉን ከፊቴ አቁሜ ከኋላው ተደብቄ ኖርኩ፣ በኋላም እሱኑ ቆረጥኩት። አሁን የምደበቅበት የለኝም።

ስለዚህ እኔ እመጣለሁ። ይህን ደብዳቤ ነጋዴዋ አሚራ አዲስ አበባ ድረስ ይዛልኝ ትሄዳለች፤ ከዚያ በአርባ ምንጭ አውቶቡስ ይላክልዎታል። እኔም ከሳምንት በኋላ እከተለዋለሁ። እርስዎ ከዚያ እንዳይነሱ። የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ የበደለው ሰው ደጅ ይቆም የለ? እኔም እንደዚያው ደጅዎ እቆማለሁ። ቢቆጡኝ እችለዋለሁ፣ ቢረግሙኝም የእጄ ነው። ዝም ብለው ፊትዎን እንዳያዞሩብኝ ብቻ ነው የምፈራው።

እህቴን ምስክርን ሳሙልኝ፤ ይህን ሁሉ ሳልነግራት በመቅረቴ እሷንም ይቅርታ እጠይቃለሁ። ለአማቼ ለኪዳነማርያም የከበረ ሰላምታዬ ይድረሰው፤ እርስዎን እንደ አባቱ ስለያዘልን ውለታውን አልረሳም። ለትንሿ ሀይማኖት አጎቷ እየመጣ መሆኑን ይንገሩልኝ፤ አላውቀውም ብትል አትሳሳትም። ዙሀራ እጅግ አድርጋ ሰላም ብላዎታለች፤ ለእሷም እውነቱን ሰው ልኬ አስነግራታለሁ። ዛፏ ምንም አልበደለምና በሰንበሌጡ እንደተሸፈነ ይታይሽ ትጠብቀዋለች።

ለእርስዎ ግን በወረቀት ሰላምታ መላክ አፈርኩ። ጉልበትዎን ካስነኩኝ፣ ያን ጊዜ እላለሁ።

በደለኛ ልጅዎ
ምናለ ንጉሡ

መካነ ሰላም
ጥቅምት 23 ቀን 2018 ዓ.ም.